የሠራተኛ ሥራ አፈጻጸም ምዘና፦ ከባሕር ዳር አሠሪዎችና ሠራተኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና አነስተኛ ማምረቻዎች ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። ሰኔ በመጣ ቁጥር ስልኬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጨናነቃል፦ «የምዘና ቅጽ ካለህ ላክልኝ።» ቅጹን እልካለሁ፤ ችግሩ ግን ቅጹ ላይ ሆኖ አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ያልታየና ያልተጻፈ ሥራ በሰኔ መጨረሻ ከየት ተነሥቶ ነጥብ ይሰጠዋል? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚዞሩት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ምዘናና ግምገማ አንድ አይደሉም እንዴ?

በትርጉም ይቀራረባሉ፤ በሠራተኛው ጆሮ ግን አይገናኙም። «ግምገማ» የሚለው ቃል በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ከሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጋር አብሮ ያደገ ነው። አዳራሽ ይሞላል፣ አንዱ ተነሥቶ ስለ ሌላው ይናገራል፣ የቆየ ቂም በሥራ ስም ይወራረዳል። ዛሬም «ነገ ግምገማ አለ» ሲባል ፊቱ የማይለዋወጥ ሠራተኛ ጥቂት ነው።

የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚመዝነው ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን ነው። ምን ለመሥራት ተስማምተን ነበር? ምን ተሠራ? ምን አገደ? ቀጥሎ ምን ይደረግ? ይህን ለመነጋገር ሁለት ሰው ይበቃል። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲለጥፉ «ምዘና» ብለው ይጻፉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰው ግን ተዘጋጅቶ ወይም ተሸማቆ የሚመጣው ቃሉን አይቶ ነው።

ምን ምን ዘዴዎች አሉ?

በጣም የተለመደው የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። ሰዓት ማክበር፣ የሥራ ጥራት፣ ተነሳሽነት፣ ከባልደረባ ጋር ያለ ግንኙነት ተብሎ ይደረደርና ከ1 እስከ 5 ይሞላል። ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ድክመቱም ይኸው ነው። «ተነሳሽነት፦ 3» ምን ማለት እንደሆነ የሞላውም የተሞላለትም አያውቁም።

ይህን ጉድለት ለማረም ስሚዝና ኬንዳል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱን ነጥብ ከሚታይ ድርጊት ጋር የሚያስር ዘዴ አቀረቡ። በሐይቁ ዳር ያለን የምግብ ቤት አስተናጋጅ እንውሰድ፤ ቀኑ ረቡዕ ነው። 1 ነጥብ የሚሰጠው ምናሌውን አስቀምጦ ለሚሄድ፣ የጾም ምግቡ የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅም «ኩሽና ሄጄ ልጠይቅ» ለሚል ነው። ሲጠየቅ በትክክል የሚመልስ 3 ያገኛል። 5 የሚሰጠው ደግሞ እንግዳው ሳይጠይቀው «ጾም ነዎት?» ለሚል ነው፤ ዓሣ የሚበላ ጿሚም የማይበላም ስላለ ያንንም ለይቶ ይጠይቃል፣ ያለቀውንም ምግብ እንግዳው ከማዘዙ በፊት ይናገራል። አሁን ነጥቡ ትርጉም አገኘ። አስተናጋጁም 3 ካገኘ ወደ 5 የሚያደርሰውን መንገድ ያየዋል። እንዲህ ያለ መመዘኛ ማዘጋጀት ጊዜ ይወስዳል፣ ለየሥራ መደቡም ለየብቻ መጻፍ አለበት፤ እኔ ግን ከሁሉም ዘዴዎች አብልጬ የምወደው እርሱን ነው።

ሌላው ጉልህ ክስተቶችን መመዝገብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ፍላናጋን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ጋር ከሠራው ሥራ ተነሥቶ በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው። በጣም ጥሩ የተሠራው ወይም በጣም የተበላሸው ነገር ሲሆን፣ በሆነበት ጊዜ፣ እንደ ሆነው ይጻፋል። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃዋል።

በዚያው ዓመት የአስተዳደር ጸሐፊው ፒተር ድራከር ያስተዋወቀው በዓላማ መምራት ነው፤ አለቃና ሠራተኛ በጊዜው መጀመሪያ ግብ ይስማማሉ፣ በመጨረሻው ያመሳክራሉ። ለሽያጭ፣ ለግዢና ለሒሳብ ሠራተኛ ይመቻል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቢኤስሲ እየተባለ የሚታወቀው ሚዛናዊ የውጤት ምዘና ደግሞ ካፕላንና ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ነው። ተቋሙን በአራት እይታ ያያል፦ በፋይናንስ፣ በተገልጋይ፣ በውስጥ አሠራር፣ በመማርና ዕድገት። የተፈጠረው የተቋምን ስልት ለመለካት ነው። ወደ አንድ ፋይል ያዥ ጠረጴዛ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ቅጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከአለቃው ሌላ ባልደረባው፣ በሥሩ ያሉት፣ ተገልጋዩና ራሱ ሠራተኛው የሚመዝኑበት ዙሪያ መለስ ምዘናም አለ። ሠራተኞችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ማሰለፍም እንዲሁ፤ ስለ እርሱ ወደ ታች ብዙ እላለሁ።

12 ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት አለኝ። የትኛው ይሻለኛል?

ሦስት ነገር ያድርጉ። ለእያንዳንዱ ሰው የሥራ መዘርዝሩን በአንድ ገጽ ይጻፉ። በየመደቡ ከአራት የማይበልጡ መመዘኛዎችን ከላይ በአስተናጋጁ ምሳሌ ባሳየሁት መንገድ ያዘጋጁ። ከዚያ የክስተት ደብተር ይያዙ። ሌላው ሁሉ ለትልልቅ ድርጅቶች ነው።

ሠራተኞቼን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ለምን ማስታወሻ እይዛለሁ?

እኔም እንዲህ እል ነበር። በሥራው ገና አዲስ ሳለሁ በአንድ ሆቴል ውስጥ የዓመቱን ውጤት ለሠራተኞች የማሳውቀው እኔ ነበርሁ። አንዲት አልጋ አንጣፊ ገባች። ሽርጧን አልፈታችም፣ የክፍሎቹ ቁልፍ ከወገቧ ተንጠልጥሏል፣ እጇ በረኪና ይሸታል። ቅጿን ሰጠኋት። «ታማኝነትና ኃላፊነት መውሰድ» በሚለው ትይዩ 3 ተሞልቷል። ቀስ ብላ አነበበችውና «በየትኛው ቀን?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሞላው ተቆጣጣሪዋም አልነበረውም፤ ወደ ሦስተኛው ፎቅ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድሁና የተገኙ ዕቃዎች መዝገብን ገለጥሁ። እንግዳ ረስቶት የሄደ ካሜራ፣ ሁለት ስልክ፣ ዶላር ያለበት ፖስታ፤ በዚያ ዓመት ከዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች አብዛኞቹ የተመለሱት በእርሷ ፊርማ ነበር። መዝገቡ ከቢሯችን ሃያ እርምጃ አይርቅም። ውጤቷን አስተካከልን፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ያ «በየትኛው ቀን?» የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። አሁን ቅጽ ተሞልቶ ሲመጣልኝ እያንዳንዱን ነጥብ ይዤ መዛኙን የምጠይቀው እርሱን ነው።

የሰው ትዝታ መዛኝን የሚያሳስተው በታወቀ መንገድ ነው። የመጨረሻው ወር የቀደሙትን አሥራ አንድ ወራት ይሸፍናል፤ በግንቦት የዘገየ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ የዘገየ ይመስላል። አንድ ጎልቶ የሚታይ ባሕርይም ሌላውን ሁሉ ያቀልመዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ ሲመረምር፣ በቁመናው የተወደደ ወታደር በብልህነቱም በአመራሩም ከፍ ያለ ነጥብ ሲያገኝ አየ። እኛ ዘንድ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው የሚያገኘው ተጨማሪ ነጥብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ማን ይመዝን?

«ማን ያውራ የነበረ» ይባላል። ሥራውን በቅርብ የሚያየው ሰው ይመዝን፤ የበላዩ ደግሞ አይቶ ያጽድቅ። የማታ ፈረቃ ሠራተኛን የቀን ኃላፊ ሊመዝነው አይገባም። ሠራተኛው ራሱን እንዲመዝን አስቀድመው ቅጹን ይስጡት፤ የእርሱና የአለቃው ነጥብ ልዩነት የሚሰፋበት ቦታ የውይይታችሁ ዋና ጉዳይ ይሆናል። የባልደረባን አስተያየት ለማሻሻያ ይጠቀሙበት፣ ለደመወዝ ግን አይቁጠሩት። ገንዘብ ሲነካው ወይ መደጋገፍ ይሆናል ወይ መጠላለፍ።

ቁጥር ብቻ ብንቆጥር አይበቃም? ቁጥር አያዳላም።

ቁጥር አያዳላም፤ ሰው ግን ወደ ቁጥሩ ያዘነብላል። እንግዳ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ በምልልስ ብዛት ቢመዘን ምን ያደርጋል? ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ አንሥቶ ማዕበሉ ሲከብድም ይወጣል፤ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያው ለሁሉም ሳይዳረስ ሞተሩን ያስነሣል። ምልልሱን ይቁጠሩ፤ ከጎኑ ደግሞ ሳይነሣ በፊት የሰደርያ ቁጥርና የነዳጅ መጠን ማረጋገጡን፣ አየሩ አላምን ብሎት ጉዞ ያስቀረበትን ቀንም ይመዝግቡ። ጉዞ በማስቀረቱ የሚመሰገን ጀልባ ነጂ ያለበት ድርጅት እንግዶቹን በሰላም ይመልሳል።

በእኛ ቤት ሁሉም ከ100 95 ነው የሚያገኘው። ምን ይሻላል?

ይሉኝታ ነው። ልንቀልድበት አይገባም፤ የፈረቃ ኃላፊው ከሚመዝናቸው ሰዎች ጋር በአንድ ትሪ ይበላል፣ በአንድ ዕድር ውስጥ ነው፣ አንዳንዶቹ ክርስትና ያነሡለት ናቸው። 60 ቢሰጥ ነገ ለቅሶ ቤት አጠገባቸው ይቀመጣል። 95 የሚሰጠው ስንፍና አስገድዶት አይደለም፣ ከሰው ጋር መኖር ስላለበት ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፤ ሌት ተቀን የሚለፋው ሠራተኛ ከማይለፋው ጋር እኩል ሆኖ ሲያየው በሁለተኛው ዓመት መልፋቱን ይተወዋል፣ ወይም ጥሎ ይሄዳል።

ለዚህ የሚረዳው ከሁሉ በፊት ነጥቡን በድርጊት ማሰር ነው፤ «ሰነፍ ነህ» ማለት ያስቸግራል፣ «ከአሥር ቀን አራቱን ዘግይተሃል» ማለት ግን መዝገብ ማንበብ ነው። ሁለተኛ፣ ውጤት ከመጽደቁ በፊት የየክፍሉ መዛኞች አንድ ላይ ይቀመጡና እያንዳንዱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ለሰጠው ሰው ምክንያቱን ያስረዳ። ብቻውን 95 የሞላ ሰው ሌሎቹ ሲጠይቁት ራሱ ያስተካክላል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ውሳኔው የጋራ ስለሆነም ለቅሶ ቤት ብቻውን አይወቀስበትም።

አንዳንድ ባለቤቶች በብስጭት «እንግዲያውስ በግድ ደረጃ ይውጣ» ይላሉ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጃክ ዌልች ሠራተኛውን ከላይ 20፣ ከመካከል 70፣ ከታች 10 በመቶ እያለ ከፍሎ የመጨረሻዎቹን በማሰናበት ይታወቃል። ማይክሮሶፍትም ተመሳሳይ አሠራር ነበረውና በ2013 እ.ኤ.አ. ተወው። አሥር ሰው ባለበት ኩሽና 10 በመቶ ማለት አንድ ሰው ነው። አሥሩም ደህና ከሠሩ ያ አንዱ ማን ሊሆን ነው? ከዚያ በኋላ ሽንኩርት ሲያልቅበት ለጎረቤቱ የሚያቀብል ምግብ አብሳይ አያገኙም። ይህን መንገድ አልመክርም።

በይሉኝታ ከፍ እንደሚደረገው ሁሉ በዝምድና፣ በወንዝ ልጅነትና በቂምም ይዛባል። መድኃኒቱ ያው ነው፦ በየትኛው ቀን?

በጸጥታው ችግር እንግዳ ጠፋ። ሠራተኛውን በምን ልመዝን?

እንግዳው የቀረው በአስተናጋጁ ጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ የገቢ ግቡን ከግለሰብ ምዘና ያውጡት ወይም ይከልሱት። በእጁ ያለውን ይመዝኑ፦ ክፍሎቹ እንዴት ተያዙ? ያለው ጥቂት እንግዳ እንዴት ተስተናገደ? በባዶው ጊዜ ምን ተማረ፣ ምን ጠገነ? መንገድ በተዘጋ ቀን መቅረትን ከሰዓት አለማክበር ጋር አይደምሩ። በእነዚህ ከባድ ዓመታት በግራና ቀኝ ተጨንቆ ሥራውን ያልለቀቀ ሠራተኛ መጽናቱ ራሱ በደብተሩ ላይ ሊጻፍለት ይገባል።

በዓመት ስንት ጊዜ?

ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ በየወሩ በቃል። ለሆቴሎች ከጥምቀት ማግሥትና በሐምሌ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ የሥራ ብዛቱ ያለፈበት፣ ሌላው የክረምቱ ፋታ ነው። በምዘናው ቀን ሠራተኛው አዲስ ነገር ከሰማ ስሕተቱ የአለቃው ነው፤ በጊዜው ሊነገረው ይገባ ነበርና።

ነጥቡን ከደመወዝ ጋር ላያይዘው?

የዓመቱን ጭማሪ ማያያዝ ተገቢ ነው፤ ውይይቱን ግን ይለዩት። ስለ ብር በሚወራበት ወንበር ላይ ማንም ድክመቱን አይናገርም። ስለ ሥራው ዛሬ ይነጋገሩ፣ ስለ ጭማሪው ከሁለት ሳምንት በኋላ። ከእንግዳ የሚገኘውን ጉርሻ ደግሞ መመዘኛ አያድርጉት፤ መስኮት ዳር ያለውን ጠረጴዛ የያዘ አስተናጋጅ ሁልጊዜም ያሸንፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ለግል ድርጅቶች የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው።

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ለሥራው አለመመቸቱ የተረጋገጠ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ምዘና 60ው ቀን ሳያልፍ፣ ይልቁንም በ30ኛው ቀን አካባቢ ያድርጉት፤ ለማረም ጊዜ ይተርፋል። ከሙከራ ጊዜ በኋላ አሠሪው በአንቀጽ 28 መሠረት በችሎታ ማነስ ሊያሰናብት ቢፈልግ፣ የኅብረት ስምምነት ሌላ ካላለ በስተቀር የችሎታው ማነስ የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። ማስጠንቀቂያም አለው፦ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር። ስንብት ካሰቡ በኋላ በአንድ ሌሊት የተሞላ ቅጽ ይህን አያሟላም። የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣም ቅድሚያ በሥራቸው የሚቆዩት የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ያላቸው ናቸው፤ ይህንንም ያለ መዝገብ ማስረዳት አይቻልም።

በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረች ሠራተኛ እንዴት ትመዘን?

በሠራችባቸው ወራት ብቻ። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚሆነው ፈቃድ የሕግ መብቷ ነው፤ ግቧም በዚያው ልክ ይቀነስ።

ሠራተኛ ነኝ። ያልተስማማሁበትን ውጤት ልፈርም?

ፊርማው «አይቻለሁ» ማለት ይሁን፤ ቅጹ ይህን ካልገለጸ ከስምዎ ሥር «አይቻለሁ፣ አልተስማማሁም» ብለው ምክንያቱን በሁለት መስመር ይጻፉ። ቅጂ ይጠይቁ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ለቅርብ ኃላፊዎ የበላይ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የሠራተኛ ማኅበር ካለም ያሳውቁ። ጉዳዩ እስከ ስንብት ደርሶ ወደ ሥራ ልመለስ የሚሉ ከሆነ ጊዜው አጭር ነው፤ ክሱ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ እየተላከ ይህ ጊዜ ያለፈባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ቀኑን ግን ይቁጠሩ።

ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሠራተኛን እንዴት አድርጌ ድክመቱን ልንገረው?

አክብሮቱን በአጠራርዎ ይጠብቁ፣ እውነቱን በድርጊቱ ላይ ይናገሩ። ረጅም ምስጋና ደርድሮ «ግን» ማለት አይጠቅምም፤ ሠራተኛው ከመጀመሪያው «ግን»ን እየጠበቀ ምስጋናውን አይሰማውም።

አንድ ወጣት ሥራ አስኪያጅ አባቱ የሚሆኑ የጥበቃ ሠራተኛን ሲመዝን አብሬው ነበርሁ። «ጋሼ፣ ሰኞና ማክሰኞ ሌሊት የበሩ መዝገብ አልተሞላም፤ ምን ሆኖ ነው?» አላቸው። ሰውየው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና «ልጄ፣ የበሩ አምፖል ከተቃጠለ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በስልክ ብርሃን ስጽፍ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ስልኩም ዘጋ» አሉ። አምፖሉ በዚያው ማታ ተቀየረ። «ተነሳሽነት፦ 2» ተብሎ ቢሞላ ኖሮ ጥፋቱ የማን እንደነበር አይታወቅም ነበር።

ደብተሩ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ቀን፣ የሆነው ነገር፣ የተከተለው ነገር። ቅጽል አይጻፉ። እንዲህ፦

«ጥቅምት 14 ማታ። 40 ሰው በአንድ ጊዜ ገባ። ከእንግዳ መቀበያ ወርዳ የሁለት ጠረጴዛ ሳህን አነሣች። ማንም አላዘዛትም።»

«ኅዳር 3። ክፍል 207 ፎጣ ሳይቀየር እንግዳ ገባበት። ስጠይቃት ልብስ ማጠቢያው ዘግይቶ ነው አለች። ሄጄ አረጋገጥሁ፤ እውነቷን ነው።»

በዚያው ዕለት ይጻፉ። ደብተሩን ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ሠራተኛው ስለ ራሱ የተጻፈውን ማየት ከፈለገ ግን ያሳዩት። በየወሩ መጨረሻ ገጾቹን ሲገልጡ ስሙ አንድም ጊዜ ያልተጻፈ ሰው ካገኙ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት እርሱ በሚሠራበት ቦታ ይዋሉ።